ለአዲስ አበባም ለገጠር ጭቃም የሚሆን አንድ መኪና፦ ግራንድ ቪታራ፣ ሃይሉክስ፣ ራቭ ፎር ወይስ ቴሪዮስ?

የእምድብር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው አያት ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ። በየቀኑ ሁለቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ መገናኛን አቋርጬ ነው የምሄደው። አሁን የያዝኩት ቪትዝ ነው። ለከተማ ምንም አይወጣላትም።

ችግሩ እናቴ ጋ ስሄድ ነው። የምትኖረው ከእምድብር ወጣ ብሎ ነው። እስከ ወልቂጤ፣ ከዚያም በሆሳዕናው መንገድ እስከ እምድብር ድረስ ቅሬታ የለኝም። ከዋናው መንገድ ከተገነጠልኩ በኋላ ያለው ፒስታ ግን በክረምት እግረኛም ይፈትናል። መጀመሪያ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ታች ትንሽ ወንዝ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቀይ አፈር የሆነ ዳገት። ለመስቀል ስንገባ መሬቱ ገና አልደረቀም። ቪትዟን እምድብር ዘመድ ግቢ አቁሜ፣ ልጆቹንና ዕቃውን ተሸክመን ነው የምንገባው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ አጣጥ ሆስፒታል ክትትል አላት። እሷን በሞተር ሳይክል ማመላለስ አልፈልግም፤ አንዴ አይቼው ሆዴ ተላውሷል።

ሁለት መኪና የመያዝ አቅም የለኝም። ቪትዟን ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ፣ ትንሽም ተበድሬ ላገኛቸው የምችላቸው (የመኪናዎቹ ዓመት በፈረንጅ ነው) የ2008 ግራንድ ቪታራ፣ የ2007 ራቭ ፎር፣ የ2008 ቴሪዮስ እና ዕድሜው ገፋ ያለ ሃይሉክስ ደብል ካቢን ናቸው። ጂምኒም በጣም እወዳለሁ።

ደላሎቹ ሁሉንም «ፎርዊል ናት» ነው የሚሉኝ። ፎርዊል ሁሉ አንድ ነው? የቱ ይሻለኛል?

ደብል ካቢን፦

ሃይሉክስ ግዢና ተገላገዪ። ሱማሌ ተራ ገብተሽ የማታገኚው መለዋወጫ የለም። የትኛውም ወረዳ ከተማ ውስጥ የሚፈታው መካኒክ አለ። ነገ ልሽጠው ብትዪ ገዢው በር ላይ ነው።

ሰላም በር፦

እህቴ፣ እኔ በሌላ በኩል ልየው። ቪትዟን አትሽጪ። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የምትነጂው አስፋልት ላይ ነው። ለመስቀልና ለእናትሽ ቀጠሮ እዚያው ወልቂጤ ወይ እምድብር መንገዱን የሚያውቅ የላንድክሩዘር ሹፌር ተከራዪ። የነዳጁና የጎማው ልዩነት ብቻ ኪራዩን ይሸፍናል። ሌላ አማራጭ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌው ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። ያንን ብር ለአሮጌ መኪና ከማውጣት አስቢበት።

የመስክ ሹፌር፦

እህቴ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የመስክ መኪና ላይ ነው። ጉራጌን፣ ሀዲያን፣ ከምባታን በክረምትም በበጋም ነድቼዋለሁ፤ በሃርድቶፕ ላንድክሩዘርም፣ በሃይሉክስም። አሁን ከተማ ተቀምጫለሁ፤ የያዝኩት ግራንድ ቪታራ ነው። ወደ እሱ ማዘንበሌን ከወዲሁ እወቂልኝ።

ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ ቁልቁለቱ ነው። ሰው መኪና ሲገዛ «ዳገት ይወጣል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ዳገቱ እምቢ ካለሽ ቆመሽ ትመለሻለሽ። ርጥብ ቀይ አፈር ላይ ቁልቁል ስትወርጂ ግን ፍሬን ከረገጥሽ ጎማው ይያዛል፤ መኪናው እንደ ሳሙና ይሄዳል፤ መሪውም አይታዘዝሽም። ከኋላ ደግሞ ልጆች ተቀምጠዋል። እዚያ ቦታ የሚያድንሽ ሎው ማርሽ ነው፤ መኪናውን በጣም ቀርፋፋ ግን ጉልበታም የሚያደርገው ተጨማሪ የፎርዊል ማርሽ ማለት ነው። ሎው አስገብተሽ አንደኛ ማርሽ ስትይዢ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል። ጎማው ሳይያዝ በእግረኛ ፍጥነት ይዞራል። እግርሽን ከፍሬኑ አንስተሽ መሪው ላይ ብቻ ታተኩሪያለሽ። ስለዚህ ለአንቺ መንገድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሎው አለው ወይ?» ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ፎርዊል ሁሉ አንድ አይደለም። የ2007 ራቭ ፎር አብዛኛውን ጊዜ በፊት ጎማ ነው የሚሄደው። የፊቱ መንሸራተት ሲጀምር ወደ ኋላም ኃይል ይልካል። የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ የሚያስር መቆለፊያ አለው፤ ግን ፍጥነትሽ ወደ 40 ሲጠጋ ራሱ ይለቃል። ለጠጠር መንገድና ለቀላል ጭቃ በቂ ነው። ሎው የለውም። ቴሪዮስ ከእሱ ትሻላለች። ባለ ፎርዊሏ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትሄደው፤ የመሃል ዲፈረንሻሏም፣ የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅደው፣ ይቆለፋል፤ ቀላል ስለሆነችም ጭቃ ቶሎ አይውጣትም። ሎው ግን እሷም የላትም። መንገድሽ ያለ ቁልቁለቱ ቢሆን ኖሮ ቴሪዮስ ግዢ እልሽ ነበር፤ ከተማ ውስጥም ለማቆም ትመቻለች።

ሃይሉክስ ሎው አለው፤ ጥንካሬውንም የሚጠራጠር የለም። ወንድሜ ደብል ካቢን ያለው ስለ መለዋወጫ እውነት ነው። ግን ሃይሉክስ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብተሽ ከታጠፍሽ ያ ልዩነት መሄጃ ያጣል፤ መሪው ይከብዳል፤ ጎማውና ማርሹ ይጎዳሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሁሌም በኋላ ጎማ ብቻ ነው የምትነጂው። ካሶኒው ባዶ ነው፤ ኋላው ቀላል ነው። በሐምሌ ዝናብ አስፋልቱ ላይ ኋላው ሸርተት ይላል። ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ስለሆነ ባዶውን ኮረኮንች ላይ ያነጥራል፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ደግሞ ንጥረቱም፣ ከፍ ብሎ መውጣቱም ከባድ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። በየቀኑ ትምህርት ቤት በር ላይ ስታዞሪው አስቢው።

ግራንድ ቪታራ፣ ከ2005 ጀምሮ የወጣው፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚሄደው። የመሃል ዲፈረንሻል ስላለው አስፋልት ላይ ምንም አይሆንም። ጭቃ ሲመጣ ትቆልፊዋለሽ፤ ቁልቁለት ሲመጣ ሎው ታስገቢያለሽ። ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አምስት በሩ ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወንበሩ ለአሮጊት ሰው ልክ ቁመቱ ላይ ነው፤ ሳይወጡም ሳይወርዱም ገባ ይባላል። ሚስቴ ያመሰገነችው ይህንን ነው።

ዕዳውንም ልንገርሽ። ቤንዚን ይጠጣል። በመገናኛ ጭንቅንቅ ውስጥ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ካገኘሽ ደህና ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ይደክማል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ያጣል። ሙሉ ቤተሰብ ጭነሽ ዳገት ስትጀምሪ ይሰማሻል። ሎው ካለሽ ግን ጭቃው ዳገት ላይ ይህ ብዙ አያሳስብሽም፤ ፍጥነት አይደለም የምትፈልጊው።

ጂምኒን እኔም እወዳታለሁ። ሎው አላት፤ ቻሲዋ የጭነት መኪና ዓይነት ነው። ግን የ2018ቷ የኋላ ወንበሩ ካልታጠፈ የዕቃ ቦታዋ 85 ሊትር ነው። ሁለት ልጅ፣ እናትሽ፣ የመስቀል ቅቤና ሥጋ የት ይገባል?

አሁን ጎማ። ሰው ይህን ይረሳዋል እንጂ ለጭቃ ከመኪናው ዓይነት እኩል ነው። ብዙው ግራንድ ቪታራ የሚሸጠው ከአስፋልት ጎማ ጋር ነው። ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነውን፣ ኤቲ የሚባለውን ግዢ። ኤምቲውን፣ ያንን ትልልቅ ጥርስ ያለውን፣ ተዪው። አስፋልት ላይ ይጮኻል፤ በዝናብ ፍሬን ላይም አይታመንም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ጀፎሮን፣ በጉራጌ ቤቶች ፊት ያለውን ሰፊ ሣር፣ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያ ሣር የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ለቅሶም ሰርግም የሚውለው እዚያ ነው፤ የሚጠብቁት ሽማግሌዎችም አሉት። በዝናብ ማግስት ባለ ጥርስ ጎማ ገብቶበት ቦይ የቀደደ መኪና አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሹፌሩን ጠርተው ሲያናግሩት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትክክል ነበሩ። መሬቱ ከረጠበ ጀፎሮው ጫፍ ላይ አቁመሽ ወደ እናትሽ በር በእግር ሂጂ።

ቸርኬው 16 የሆነውን ካገኘሽ ከ17ቱ አስበልጪው። የ16ቱ ጎማ 225/70 ነው፤ የ17ቱ 225/65። የ16ቱ ጎኑ ከፍ ስለሚል ድንጋይ ላይ ይለጠጣል፤ ነፋስ ስታቀንሺለትም መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ጭቃው ጋ ስትደርሺ ነፋሱን ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ አውርጂው፤ ስትወጪ ሙዪው። ከመኪናው ኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ያዢ፤ እዚያ ጎሚስታ የለም።

ወንድሜ ሰላም በር፣ ስለ ኪራዩ ያልከው ለመስቀል ይሆናል። እናት ሌሊት ብትታመም ግን ማን ጋ ይደወላል? ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ እዚህ በብዛት የማያቸው ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ባትሪያቸውም ከሆዳቸው ሥር ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ልጄን አላስነዳውም።

መፍቻ፦

ጋሼ ያሉት ላይ እንደ መካኒክ ልጨምር። እህቴ፣ ስም አያሳስትሽ። ከ2015 ወዲህ የወጣው «ቪታራ» ሌላ መኪና ነው፤ ሎው የለውም። በ2022 ከህንድ የወጣው አዲሱ «ግራንድ ቪታራ»ም የለውም። የድሮውም ቢሆን በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄድ፣ ወይም ሎው የሌለው ተመርቶ ነበር። የማርሹ መቀየሪያ ክብ ቁልፍ ላይ «ፎር ኤል ሎክ» የሚለውን በዓይንሽ ካላየሽ ብር አትክፈዪ።

ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ድረሺ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። የሞተሩ ካቴና ከላላ ሲነሳ ይንኳኳል፤ ሲሞቅ ይደበቃል። ዘይቱን በዲፕስቲክ እዪ፤ አንዳንዶቹ ዘይት ይበላሉ። ሥሩ ገብተሽ የፊት ዲፈረንሻሉን እዪ። ቤቱ አልሙኒየም ነው፤ ድንጋይ የመታው ከሆነ የተበየደ ጠባሳ ወይም የዘይት እርጥበት ታገኛለሽ። ሻጩ ሥሩን አጥቦ ካመጣው እኔ እጠራጠራለሁ።

የእምድብር ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጀፎሮው ነገር ልቤን ነክቶታል፤ አባቴም እንደዚሁ ነበር የሚናገረው። ቅዳሜ ጠዋት ገርጂ አንድ የ2008 ግራንድ ቪታራ አያለሁ፤ አውቶማቲክ ነው፣ ቸርኬው 16። አውቶማቲክ መሆኑ ለቁልቁለቱ ችግር አለው? ሎው መሥራቱንስ ከተማ ውስጥ እንዴት ላረጋግጥ?

የመስክ ሹፌር፦

አውቶማቲክም ይሆናል። ማርሹን በእጅሽ «ኤል» ወይም «1» ላይ ካላደረግሽው ግን ራሱ ወደ ላይኛው ማርሽ ሊቀይር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ አይዝልሽም። ይህን አትርሺ።

ለሙከራው አስፋልት ላይ አታድርጊው፤ ጠጠር ወይ አፈር ያለበት ባዶ ቦታ ፈልጊ። መኪናውን ሙሉ በሙሉ አቁሚ። ፍሬን ረግጠሽ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጊ። ክቡን ቁልፍ ተጭነሽ ወደ ፎር ኤል አዙሪው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ መብራት አለበት። ብልጭታውን ካላቆመ አልገባም ማለት ነው። ከበራ በኋላ «ኤል» ላይ አድርገሽ ፍሬኑን ልቀቂው፤ ነዳጅ ሳትሰጪው በጣም ቀስ ብሎ መሄድ አለበት። ተዳፋት ካገኘሽ እዚያ ላይ ወደ ታች ልቀቂው። ከያዘሽ ደህና ነው። ከፈጠነብሽ ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማሽ መፍቻ ጋ ውሰጂው። ስትጨርሺ አቁመሽ ክቡን ቁልፍ ወደ ፎር ኤች መመለስሽን አትርሺ፤ በዚያው ሜክሲኮ ድረስ እንዳትነጂው።

ካልተስማማሽ ሳትከፍዪ እዚህ ጻፊልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ አብሬሽ መጥቼ ላየው እችላለሁ።