ማጨስ በተከለከለበት አውሮፕላን ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ለምን ይገጠማል?

ጥያቄ (ከሽንብጥ፣ ባሕር ዳር)፦
ባለፈው ሳምንት አባቴን ለሕክምና ይዤ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በረርሁ። በአውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ስለ ነበር ያዩትን ሁሉ ይጠይቁኛል። በመጸዳጃ ክፍሉ በር ላይ ማጨስ ክልክል መሆኑን የሚያሳይ ምልክት፣ እዚያው አጠገቡ ደግሞ የሲጋራ መተርኮሻ አይተው «ከከለከሉ በኋላ ይህን ለማን አኖሩት?» ቢሉኝ ግን መልስ አጣሁ። የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥያቄው ሌላም ነገር አስታውሶኛል፤ ወደ ዘጌ በምንሻገርባቸው ጀልባዎች አንዳንድ ሰዎች ከቤንዚን ጀሪካን አጠገብ ተቀምጠው ሲያጨሱ አይቻለሁና፣ ክልከላው ውኃ ላይም ይሠራል?

መልስ 1 (የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ)፦
አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። መተርኮሻው የተገጠመው ክልከላውን ለሚጥስ ሰው ነው። ተደብቆ የሚያጨስ ሰው በሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ቁራጩን የሚወረውረው ወረቀት በሞላበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የብራዚሉ አየር መንገድ የቫሪግ ቦይንግ 707 አውሮፕላን፣ ለማረፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ከኋላ መጸዳጃ ክፍል እሳት ተነሥቶበት፣ አብራሪዎቹ በጢስ ምክንያት ፊታቸውን ማየት ስለ ተሳናቸው በፓሪሱ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ እርሻ ላይ አሳረፉት፤ ከ134ቱ ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ለእሳቱ መነሻ ይሆናል ተብሎ የተገመተው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ ሲጋራ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ1974 የመጸዳጃ ክፍል መተርኮሻንና የማስጠንቀቂያ ጽሑፍን ያስገደደው ከዚህ በኋላ ነው። ልብ ይበሉ፣ በዚያ ዘመን ተሳፋሪው በወንበሩ ላይ ሆኖ ማጨስ ይፈቀድለት ነበር። በ1983 ደግሞ በኤር ካናዳ ዲሲ-9 አውሮፕላን መጸዳጃ ክፍል አካባቢ በተነሣ እሳት 23 ሰዎች ሞቱ፤ መነሻው ሳይታወቅ ቢቀርም፣ የጢስ ጠቋሚና በቆሻሻ መጣያው ውስጥ በራሱ የሚሠራ እሳት ማጥፊያ ግዴታ ሆኑ። መተርኮሻ ጎድሎ ስናገኝ የምንመዘግበው እንደ ደኅንነት ጉድለት ነው።

መልስ 2 (ጡረታ የወጣሁ የበረራ አስተናጋጅ)፦
የወንድሜ መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም ነገሩ በእሳት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። እኔ ሥራ ስጀምር የሚያጨሱና የማያጨሱ ተሳፋሪዎች በመደዳ ተለይተው ይቀመጡ ነበር፤ ጢሱ ግን መደዳ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ በረን ስንወርድ ዓይናችን ይቀላል፣ ልብሳችንም ይሸታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 በአጫጭር የአገር ውስጥ በረራዎች ጀምራ በ2000 በሁሉም ላይ ከለከለች፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በ1992 አባል አገሮቹ እስከ 1996 ድረስ ማጨስን ከዓለም አቀፍ በረራዎች እንዲያስቀሩ ጠየቀ። የአሜሪካ የበረራ አስተናጋጆች የትምባሆ ኩባንያዎችን ከስሰው በ1997 በ300 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት መቋጨታቸውን ስሰማ አልቅሻለሁ፤ የእኛን ሳል ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው የተገኘ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ቢሆን በበረራ ላይ አይጨስም፤ ባትሪው እሳት ሊያነሣ ስለሚችል በእጅ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይያዝም።

መልስ 3 (የሕግ ባለሙያ)፦
ስለ ጀልባው ልመልስልዎ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ ማጓጓዣ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ሰው በክፍያ የሚያሻግር ጀልባም ማጓጓዣ ነው። ጀልባው ጣራ የለውም፣ ነፋሱም ጢሱን ይወስደዋል የሚለውን ክርክር አልቀበለውም፤ ቤንዚን ባለበት ስፍራ ነፋስ እሳትን ያባብሳል እንጂ አያጠፋም። ነገር ግን የመተርኮሻውን ሐሳብ ወደ ጀልባው ማምጣት አይገባም። አውሮፕላኑ ላይ የሚገጠመው ተሳፋሪው በበረራ መካከል ወጥቶ የሚሄድበት ስለሌለ ነው፤ የሚያጨስ ሰው ግን ከመሳፈሩ በፊት ወደቡ ላይ ማጥፋት ይችላልና፣ አሸዋ የሞላ ጣሳ መቀመጥ ያለበት እዚያው መሳፈሪያው ላይ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሶቹን ለአባቴ አነበብሁላቸው፤ ስለ ፓሪሱ አውሮፕላን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ጀሪካኑንስ ከሰው አጠገብ ማን አኖረው?» አሉኝ። ቅዳሜ ወደ ዘጌ ስለምሻገር፣ ስለ ጣሳውም ስለ ጀሪካኑም ጀልባ ነጂዎቹን አነጋግራለሁ።