ሸማ ላይ ክሮስ ስቲች ስሰፋ ክሩን የምቆጥረው እንዴት ነው?

ጀማሪዋ (ጎንደር)

ሰላም ለቤቱ። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ነጭ ሸማ አለኝ፤ ለቀሚስ ደረት የሚሆን መስቀል በክሮስ ስቲች (ክር እየተቆጠረ በኤክስ ቅርጽ በሚሰፋ ጥልፍ) ልሰፋበት ነው። ንድፉ ካሬ ወረቀት ላይ የተሠራ ሲሆን 61 በ61 ካሬ ነው። አይዳ ጨርቅ (ለዚህ ጥልፍ ተብሎ በካሬ የተሸመነው) ቀዳዳው ስለሚታይ አይከብድም፤ ሸማው ላይ ግን ድሩና ማጉ (የቁመቱና የወርዱ ክር) ዓይን ያምታታል። አንዱ ኤክስ ስንት ክር ላይ ይረፍ? ከየት ልጀምር? ሥራው ከገፋ በኋላ ቆጠራው እንዳይዛነፍስ ምን ይደረጋል? መርፌውንና የክሩን ውፍረትም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ድርና ማግ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሸማውን እጠቢው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተጠለፈ በመጀመሪያው አጠባ ጨርቁ ይገባና ጥልፉ ይጨማደዳል። ሲደርቅ ቀለል ያለ ስታርች አድርገሽ ተኩሺው። የሳሳ ሸማ ክሩ ወዲህ ወዲያ ስለሚንሸራተት ያለ ስታርች የቆጠርሽው አይታመንም።

ቀጥሎ ማስመሪያ ያዢና በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ለየብቻ ቁጠሪ። ጥለቱ ላይ ተጨማሪ ማግ ስለሚገባበት ከእሱ ራቂ። ፈትሉ የእጅ ከሆነ አንዱ ክር ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፤ ስለዚህ ሦስት ቦታ ቆጥረሽ አማካዩን ውሰጂ።

ይህን የምልሽ ለምንድነው? አይዳ 14 በወርድም በቁመትም በኢንች 14 ካሬ ነው፤ ያንቺ ንድፍ እዚያ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር በ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ሸማ ላይ ድርና ማግ ብዙ ጊዜ እኩል አይሆኑም። በ5 ሴንቲ ሜትር 40 ድርና 32 ማግ አገኘሽ እንበል። አንዱን ኤክስ በ2 ድርና በ2 ማግ ስትሰፊ 61 ካሬ 122 ክር ይፈጃል፤ ድሩ ወደ ታች እንዲወርድ አድርገሽ ከሰፋሽ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሩብ፣ ቁመቱ ግን 19 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መስቀሉ ተመዞ ይረዝማል። ጀማሪ ቆጠራው የጠፋበት መስሎት ይፈታል፤ ቆጠራው ግን ልክ ነው፣ ያልተለካው ጨርቁ ነው።

ባለመርፌ

ልክ ነው። እኔ ስለ አቆጣጠሩ ልጨምር።

ቀዳዳ አትቁጠሪ፣ ክር ቁጠሪ። 20 ክር ከመነሻው እስከ መድረሻው 21 ቀዳዳ ስላለው፣ መነሻውን ቀዳዳ «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ክር ያጥራል። በመርፌው ጫፍ ሁለት ሁለቱን ክር እየገፋሽ «ሁለት፣ አራት፣ ስድስት» በይ።

የመጀመሪያውን ኤክስ የምትጀምሪበትን ቀዳዳ ምረጪ። ሸማ አንዱ ድር ከማጉ በላይ፣ ቀጣዩ ከማጉ በታች እያለ የተሸመነ ነው። መርፌሽን ድሩ ከላይ ካለፈበት ቦታ በስተግራ በኩል አውጪ። በሁለት ሁለት ክር እስከሄድሽ ድረስ እያንዳንዱ ኤክስ የሚነሣው እንዲህ ካለው ቦታ ነው። ድሩ ከማጉ ሥር የገባበት ቦታ ላይ መርፌ ስታወጪ ከተገኘሽ በአንድ ክር ስተሻል ማለት ነው፤ 20 ኤክስ ሳትሰፊ እዚያው ላይ ታገኚዋለሽ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መቆጣጠሪያ የለም።

ጨርቁን በአራት እጠፊና መሐሉን ያዢ። 61 ጎዶሎ ስለሆነ መሐሉ መስመር ሳይሆን ራሱ 31ኛው ካሬ ነው፤ ግራና ቀኙ 30፣ 30። የመሐሉን ኤክስ እጥፋቱ ከሚያርፍበት ቀዳዳ ግራና ቀኝ ባለው አንድ አንድ ክር ላይ ስፊው። ከዚያ ወደ ውጭ በየ10 ካሬው፣ ማለትም በየ20 ክሩ፣ ጊዜያዊ መስመር ስፊ። ለዚህ ቀጭን ናይለን ተጠቀሚ፤ የጥጥ ክር መርፌው ይወጋዋል፣ በኋላ ሲነቀል የጥልፉን ክር ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይም በየ10 ካሬው አስምሪ።

ቀዩ ክር

ናይለን ምን አስቸገረ፣ እርሳስ አይበቃም?

ባለመርፌ

ነጭ ሸማ ላይ አይሆንም። እርሳሱ ጥጡ ውስጥ ይቀራል፤ ነጩ ክርም እያለፈ ይጠቁራል። በውኃ የሚለቅ እስክሪብቶ ይሻላል፣ ግን ሳይታጠብ ካውያ ከነካው ላይለቅ ይችላል።

ሰያፍ

የቀረው የመርፌና የክር ነው። ጫፉ ደብዛዛ የሆነ መርፌ ያስፈልጋል፤ ሹሉ ክሩን ሰንጥቆ ያልፍና የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ይጠፋብሻል። ቁጥር 24 ለአይዳ 14 ነው፣ ለዚህ ሸማ 22ም ይሄዳል። የጥልፍ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ሲሆን 6 ዘለላ አንድ ላይ ነው። አይዳ 14 ላይ 2 ዘለላ ይበቃል፤ እላይ በተሰላው ሸማ ላይ ኤክሱ ትልቅ ስለሚሆን 3 አድርጊው። ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ አትቁረጪ፣ ይሻክራል፣ ይቋጠራል።

ቋጠሮ አትሥሪ። 3 ሴንቲ ሜትር ጭራ ከጀርባ ተዪና በመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ስፌቶች ሥር አስይዢው። የላይኛው ሰያፍ በሁሉም ኤክስ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፤ አንዱ ከተገለበጠ ብርሃን ሲያርፍበት ከሩቅ ያስታውቃል። ሸማ ስስ ስለሆነ ከጀርባ ከ3 ኤክስ በላይ ክር አትዝለዪ፣ በፊት በኩል ጥላው ይታያል። ቀይና ጥቁር ክር ሳትሰፊበት በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርገሽ እዪው፣ የሚለቅ ቀለም አለ።

ጀማሪዋ (ጎንደር)

ለክቼው ነው የመጣሁት፤ ድሩ 40፣ ማጉ 32 ወጣ፣ ልክ እንደ ምሳሌው። ታዲያ መስቀሉ እንዳይረዝም ንድፉን እንዴት ላስተካክል?

ድርና ማግ

ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ነው፤ ቁመቱም እዚያው እንዲቆም 98 ማግ፣ ማለትም 49 ረድፍ ያስፈልግሻል። 12 ረድፍ ይወጣል። የመሐሉን ረድፍ አትንኪ፤ ከእሱ በላይ ካሉት 30 ረድፎች በየ5ኛው አንድ አንድ አውጪ፣ ከታችም እንዲሁ። 24፣ መሐሉ 1፣ 24፤ 49 ሆነ። ክንፎቹ ላይ ያለው ሰያፍ መስመር ሊሰበር ስለሚችል፣ ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ አስምረሽ እዚያ ላይ እንደገና ሣዪው። ወረቀቱ ላይ የምታዪው መልክ ጨርቁ ላይም እሱው ይሆናል።

ንድፉን መንካት ካልፈለግሽ ኤክሱን በ5 ድርና በ4 ማግ ስፊው፤ እኩል ጎን ይወጣል። ግን 61 ካሬው 38 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ያ ለደረት ሳይሆን ለቀሚስ ጫፍ ነው። የባለመርፌ የመነሻ ቦታ መቆጣጠሪያም እዚያ ላይ አይሠራም፣ 5 ጎዶሎ ስለሆነ ኤክሱ አንዴ ከማጉ በላይ ካለፈ ድር፣ አንዴ ከሥሩ ካለፈ ድር ይነሣል።

ሦስተኛው መንገድ ሸማው ላይ ለጊዜው ተሰፍቶ ኋላ የሚነቀለው የካሬ መረብ (ዌስት ካንቫስ የሚባለው) ነው። በእሱ ላይ ቆጥረሽ ትሰፊያለሽ፤ ሲያልቅ ረጠብ አድርገሽ የመረቡን ክር አንድ በአንድ ትመዥዋለሽ። ድርና ማጉ ምንም ቢሆን ግድ የለሽም፤ ጎንደር ካላገኘሽው ግን ባለ 49 ረድፉን ያዢ።