የሐዋሳ ሥራ አጥነት በእርግጥ እየቀነሰ ነው?

ጥያቄ (ባለ ኮፒ ቤቱ)
ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። የሥራ ዕድል ስለተፈጠረላቸው ወጣቶች በየዓመቱ የሚነገረው ቁጥር ከፍተኛ ነው፤ እኔ ዘንድ ግን የትምህርት ማስረጃ የሚያባዙና ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሰዎች አልቀነሱም። እንዲያውም ድሮ የማላያቸው፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ጎልማሶች ተጨምረዋል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ማግስት ደግሞ መቆሚያም አይገኝም። ለመሆኑ ሥራ አጥነት የሚለካው እንዴት ነው? የከተማችን አካሄድስ ወዴት ነው?

መልስ (ቆጣሪው)
የሚለኩት ነገር ስለሚለያይ ሪፖርቱም፣ የእርስዎ ዓይንም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርት ወደ ሥራ የገባውን ይቆጥራል እንጂ ከሥራ የወጣውን አይቀንስም፤ ሦስት ወር ኮብልስቶን ያነጠፈ ወጣት «ጊዜያዊ» በሚለው ረድፍ ይመዘገባል፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ስሙን ከመዝገቡ የሚፍቅ የለም። የሥራ አጥነት ምጣኔ ግን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ቤት ለቤት በሚያካሂደው የናሙና ጥናት የሚገኝ ሲሆን፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ጥቂት ሰዓት የሠራ ሁሉ፣ ሎተሪ ሲያዞር የዋለውም ጭምር፣ ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የአገሪቱ ምጣኔ 8 በመቶ ሆኖ ሳለ የከተሞች ግን 18.7 በመቶ ነበር፤ በገጠር የቤተሰቡን ማሳ የሚያግዝ ልጅ ሥራ ፈት ስለማይባል የአገሪቱ ቁጥር ዝቅ ይላል። ስለ ሐዋሳ ሲወራ የመጀመሪያውን ቁጥር መጥቀስ ስህተት ነው።

መልስ (የቀድሞ ተቆጣጣሪ)
በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአራት ዓመታት በተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይሰጣል ተብሎ ነበር። በኅዳር 2014 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች ፓርኩን ለቆ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ተጠቃሚነት ሰረዘች። ነገር ግን ሁሉንም በአጎዋ ማሳበብ አልወድም። ለግል ድርጅቶች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ ባልተወሰነበት አገር፣ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ለአንዲት ክፍል ኪራይ እንኳ ስለማይበቃ አራትና አምስት ሆነው ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ማሽኑን በለመዱ ማግስት ይለቁ ነበር። አብዛኞቹ ከአካባቢው ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ስለነበሩ፣ ሲለቁ ገሚሱ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ፣ ገሚሱ ወደ ዓረብ አገር አቀና። እንግዲህ በሐዋሳ የሚደረግ ጥናት እነዚህን ሴቶች ከየት ያገኛቸዋል? ምጣኔው ቢቀንስ ሥራ ተገኝቶ ሳይሆን ሥራ ፈላጊዋ ሻንጣዋን ይዛ ስለሄደች ሊሆን ይችላል።

መልስ (አላሙራ ሥር)
ጎልማሶቹን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ለረጅም ዘመን የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች ከባለ ካፌው እስከ ቤት አከራዩ ድረስ ኑሮው የተመሠረተው በመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ላይ ነበር። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ የቀድሞው ክልል በነሐሴ 2015 ሲያበቃ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተዘዋወሩ። ቤት የሠራና ልጆቹን እዚህ የሚያስተምር ሁሉ ግን አብሮ መሄድ አልቻለም። እኔም ከቀሩት አንዱ ነኝ፤ እርስዎ ቤት ማመልከቻ አስጽፌም ይሆናል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ከደንበኞቼ ፈቃደኛ የሆኑትን እየጠየቅሁ በደብተር ልመዝግብ አስቤያለሁ። ምን ልጠይቃቸው?

ቆጣሪው
ስም አያስፈልግዎትም። ዕድሜ፣ የመጨረሻ ሥራ፣ የለቀቁበት ወርና ከተማዋ ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ይበቃል። «ባለፈው ሳምንት ምን ሠሩ?» የሚለውን ግን አይዝለሉ፤ ባጃጁን ደጅዎ አቁሞ ዲግሪውን የሚያባዛ ሰው በጥናቱ ሥራ አጥ አይባልም።