ጥርጣሬ ብቻ ኮሚሽን ያስከለክላል?

ባለሱቋ (ሜሪላንድ)፦ የሀበሻ ልብስ በኦንላይን እሸጣለሁ። ሊንኬን ወይም የቅናሽ ኮዴን ለሚያስተዋውቁ ሰዎች ከሽያጩ 10 በመቶ ኮሚሽን እከፍላለሁ። ባለፈው ወር በአንዱ ሰው ኮድ የተመዘገበው ሽያጭ ሦስት እጥፍ ሆነ። የሱቁ ጠቅላላ ሽያጭ ግን ንቅንቅ አላለም። ክፍያውን ልያዝበት ወይስ ማስረጃ እስካገኝ ልክፈለው?

ነጋዴው፦ ያዢው እንጂ፣ ምን ይጠየቃል! አንዴ ከወጣ ብር ማን ይመልስልሻል? የኦንላይን ገበያውን የኢቤይን ጉድ አልሰማሽም? ሾን ሆጋን የሚባለው ዋነኛ አፊሊየታቸው (በኮሚሽን የሚያስተዋውቅላቸው ሰው) በድብቅ ፕሮግራም የሰዎች ኮምፒውተር ላይ የኢቤይን ኩኪ፣ ማለትም ገዢው በማን በኩል እንደመጣ የሚመዘግብ ትንሽ ፋይል፣ ይጭን ነበር። የኮምፒውተሩ ባለቤት ምንም ማስታወቂያ አልነካም። በኋላ በራሱ ጊዜ ኢቤይ ገብቶ ዕቃ ሲገዛ ግን ኮሚሽኑ ለሆጋን! ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ በልቷል። ክሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ድብቁ ፕሮግራም ሳን ሆዜ ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። የኢቤይ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነዋ!

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ከጀመርክ አይቀር ጨርሰው። ኢቤይ መረጃ ሰብስቦ ነው እ.ኤ.አ. በ2008 ክስ የመሠረተው። ሆጋን ጥፋቱን አምኖ በ2014 የ5 ወር እስራት ተፈረደበት። አንተ የምትለው ግን ፍርዱን አስቀድመህ ምርመራውን ማስከተል ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ ውላችሁን አንብቢ። “አጠራጣሪ ሽያጭ እስኪጣራ ክፍያ ይዘገያል” የሚል አንቀጽ ከሌለው አንቺው ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ባለ ቴሌግራም ቻናሉ፦ እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። ለተከታዮቼ የሰጠሁትን ኮድ አንድ የኩፖን ድረ ገጽ አንስቶ ለጠፈው። ሊከፍል የደረሰ ሰው ሁሉ ቅናሽ ሲፈልግ የእኔን ኮድ ያገኛል። ሽያጬ ተተኮሰ። ድርጅቱ አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ አካውንቴን ዘጋ። በሐቅ የሠራሁትም አብሮ ቀለጠ። ሌባ መባሉ ደግሞ ለብቻው ያማል።

ኮደሩ፦ ዳታው ይናገር። ሦስት ነገር እዪ፤ ሊንኩ ከተነካ እስከ ግዢው ስንት ደቂቃ እንዳለፈ፣ ገዢዎቹ አዲስ ናቸው ወይስ የድሮ ደንበኞችሽ፣ ምን ያህሉ ዕቃ እንደተመለሰ። በራሱ ኮድ ገዝቶ፣ ኮሚሽኑን በልቶ፣ ዕቃውን የሚመልስም ሞልቷል። ስለዚህ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ለማንም አትክፈሊ። ይሄ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም።

ነጋዴው፦ እሱስ ጥሩ። ግን የጠረጠርሽውን አትንገሪው፣ ዱካውን ያጠፋል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ምክንያቱን ሳታውቅ ደመወዝህ ቢያዝ ዝም ትላለህ? የተጠረጠረውን ትዕዛዝ ለይታ ትያዝ፣ ቀሪውን ትክፈል። ማብራሪያውን በጽሑፍ ትጠይቀው።

ባለሱቋ፦ አሁን አየሁት። ገዢዎቹ አብዛኞቹ የድሮ ደንበኞቼ ናቸው። ኮዱንም ያስገቡት መክፈያው ገጽ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው።

ነጋዴው፦ በቃ! ያለ እሱም ሊገዙ የነበሩ ናቸው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

ባለ ቴሌግራም ቻናሉ፦ የእኔም ልክ እንደዚሁ ነበር የሚታየው። ኮዱን ጎግል ላይ ፈልጊው እስኪ። የኩፖን ገጽ ላይ ካገኘሽው ቀይሪለትና የሚቀጥለውን ወር ሽያጭ እዪ።