የመቅደላው እስረኛ ደብዳቤ በ1860ዎቹ እንግሊዝኛ፦ «ዛው» ይግባ አይግባ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የ11ኛ ክፍል ልጆቼ ለዓመቱ መዝጊያ አጭር ድራማ እያዘጋጁ ነው። ታሪኩ እዚሁ ወሎ ነው። መቅደላ ላይ አጼ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው እንግሊዞች አንዱ፣ በ1867 እ.ኤ.አ. ለንደን ላለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው መድረክ ላይ በእንግሊዝኛ ይነበባል።

ልጆቹ የጻፉት ግን የቴሌግራም እንግሊዝኛ ነው። «ፕሊዝ ሄልፕ አስ፣ ዊ አር ስታክ ሂር፣ ዘ ቼይንስ ሪሊ ኸርት» ይላል። «ይሄ እስረኛ ስልክ አለው እንዴ?» ብዬ መለስኩላቸው። በማግስቱ አንዷ ልጅ ኤአዩን «የጥንት አድርግልኝ» ብላው መጣች። አሁን ደግሞ በየመስመሩ «ዛው»፣ «ዚ»፣ «ዛይ» (የድሮው «አንተ»፣ «አንተን»፣ «ያንተ») ሆኗል። ሚኒስትሩን ራሱን «ኦ ዛው ኖብል ሰር» ይለዋል። ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበለው። እኔን ግን ከነከነኝ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ የዚያን ዘመን ሰው እንዲህ ይጽፍ ነበር?

አራዳው
ኧረ መምህር ተወው! «ዛው» ካልተባለ ማን የጥንት ነው ይለዋል? ወላጅ የሚመጣው ሊያጨበጭብ እንጂ ሊያርም አይደለም። 😀

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)
የጦሳ ልጅ፣ መከንከንህ ትክክል ነው። እኔ እዚህ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት የውጭ ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አለቃዬ ወረቀቱን ሲመልሱ ቃል አይደለም የሚያርሙት፤ «ይሄ ሰውዬ ማን ሆኖ ለማን ነው የሚጽፈው?» ይሉኝ ነበር።

ለልጆችህም ከዚያ ጀምርላቸው። ጥንት የሚባል አንድ እንግሊዝኛ የለም። ኤአዩ የሰጣችሁ የ1611ዱን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚመስል ነው። ከእስረኛችሁ 250 ዓመት ይቀድማል። በ1860ዎቹ «ዛው» የቀረው በጸሎት፣ በግጥም፣ ክዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች ዘንድና በአንዳንድ ገጠር ነበር። ደግሞ ሰው ሁሉ ተገልብጦበታል። ድሮም «አንተ» የነበረችው «ዛው» ናት፣ «አንቱ» የነበረው «ዩ» ነው። ሚኒስትርን «ዛው» ማለት የሰፈር ሽማግሌን «ና አንተ!» ብሎ መጥራት ነው። ወሎ ላይ እንዲህ ብትል የሚገጥምህን አንተው ታውቃለህ።

ዓመቱ 1867 ከሆነ ሚኒስትሩ ሎርድ ስታንሊ ናቸው። 1864 ብትሉ ኖሮ ኧርል ራስል ይሆኑ ነበር። ስለዚህ መክፈቻው «ማይ ሎርድ»፣ መሀሉ ላይ «ዩር ሎርድሺፕ» ነው። መዝጊያው «አይ ሃቭ ዘ ኦነር ቱ ቢ፣ ማይ ሎርድ፣ ዩር ሎርድሺፕስ ሞስት ኦቢዲየንት፣ ሃምብል ሰርቫንት» ይሆናል። ሰውየው እግር ብረት ውስጥ ሆኖም ይህችን አይዘልላትም።

የደብዳቤው ሆድ ላይ ነው ጨዋታው። የዚያ ዘመን ሹም አያለቅስም። «ስታክ ሂር» በማለት ፈንታ «አሁንም በዚህ አምባ ተይዘን የምንገኝ መሆናችንን ለጌትነትዎ ለማስታወቅ እወዳለሁ» ይላል። እግር ብረቱንም «ቀላል የማይባል አለመመቸት አስከትሎብናል» ብሎ ያልፈዋል። ጥፋተኛም አይጠራም። አጼ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ለንደን ቢሮ ውስጥ መቀመጡ የታወቀ ነው። እስረኛው ግን «ቢሮዎ አስተኝቶት» አይልም። «የመልሱ መዘግየት በንጉሡ ዘንድ ቅሬታ ማሳደሩ» ይላል። ማን አዘገየው? ዝም! እዚህ ላይ ልጆቹን በደንብ አሠራቸው፣ ከሃምሳ «ዛው» ይበልጣል።

ጥቃቅኑን ደግሞ ቶሎ ልንገርህ። «ዶንት» አይጻፍም፣ «ዱ ኖት» ነው። የዚህ ወር ቀን «ኢንስታንት»፣ ያለፈው ወር «አልቲሞ» ይባላል። «ኦኬ» በ1839 የቦስተን ጋዜጣ ላይ በቀልድ የወጣች ናትና በዘመኑ ነበረች፤ ቢሆንም እንግሊዛዊ ሹም ለሚኒስትሩ አይጽፋትም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሎርድ ስታንሊን ጨርሶ አላሰብኳቸውም ነበር። አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። እርስዎ እንዳሉት ስናረዝመው አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ሆነ። የሚያነበው ልጅ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረው። ያቺ ልጅም «ዛው የሚለውን አትንኩብኝ» ብላ አኩርፋለች።

ሮቢት
አብሽር መምህር። እኔ ቴአትር ስለምሠራ በመድረክ በኩል ልናገር። የልጆቹን የመጀመሪያ ጽሑፍ አትጣሉት! እስረኛው ለራሱ ሲያጉተመትም «ዘ ቼይንስ ሪሊ ኸርት» ይበል። ከዚያ ብዕሩን ነክሮ ጥቂት ያስብና ጮክ ብሎ እያነበበ «ቀላል የማይባል አለመመቸት» የሚለውን ይጻፍ። እንግሊዝኛ የማይሰማው ወላጅ እንኳ ከፊቱ ይረዳዋል። እሱ ሲያጉተመትም ረጅሙ ዓረፍተ ነገርም ይቆራረጣል፣ ልጁም ይተነፍሳል። ሲያጉተመትም ግን «ኦኬ» እንዳይል ጠብቁት።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)
ይሄማ ከእኔ ይበልጣል። ለኩርፊያዋ ደግሞ መላ አለው። መቅደላ ከታሰሩት ውስጥ ሚሲዮናውያን ነበሩ። አንዷን ሚሲዮናዊ አድርጓትና ደብዳቤው ሲታሸግ ትጸልይ። እግዚአብሔርን «ዛው» ማለት በ1867ም ያለ ነው። ግሡን ብቻ አስተካክሉላት፤ ከ«ዛው» ጋር «ኖውስት» (ታውቃለህ) ነው የሚሄደው፣ «ኖውዝ» (ያውቃል) ለሦስተኛ መደብ ነው። ኤአዩ ካደባለቀው ላክልኝና አየዋለሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
አሁኑኑ አየሁት፣ «ዛው ኖውዝ» ይላል! ጸሎቱን ማታ እልክልዎታለሁ ጋሼ። ሮቢት፣ ቅዳሜ ልምምድ አለን፣ ብቅ ብትል ደስ ይለናል።