የጥር ክሪሳንተምም የሌሊት መብራት፦ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ (የሱሉልታ አበባ አብቃዮች ማኅበር ግሩፕ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። ብድር የምንጠይቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሌሊት መብራት። አምና ክሪሳንተምም አበባችን ግንዱ ጉልበት ሳይደርስ አብቦ አበባ ቤቶቹ በስንት እንደወሰዱት የረሳ ያለ አይመስለኝም። ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ተክለን እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት እያበራን ቁመት እናስይዘዋለን። ከዚያ አጥፍተን ለጥምቀት ማግስት ሰርግ እናደርሳለን። መዋጮ በአባል 4 ሺህ ብር። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ጽጌረዳ ብቻ፦ እኔ አልከፍልም። ጽጌረዳ የቀን ርዝመት አይቆጥርም፤ ከቆረጥከው ያቆጠቁጣል፣ ያብባል። በዓሉን ወደ ኋላ ቆጥሬ መቀስ አነሳለሁ፣ አለቀ። የእናንተን አበባ እንቅልፍ ለመንሳት ከእኔ ኪስ ምን አወጣው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለማቀዝቀዣው የክሪሳንተምም ሰዎች ላንተ ከፍለዋል። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ።

ጽጌረዳ ብቻ፦ የማቀዝቀዣውን ነገር ባታነሳው ይሻልህ ነበር።

ወንዝ ዳር፦ አደይ አበባ ማን አብርቶላት ነው በየመስከረሙ ከች የምትለው? ተክል ጊዜውን ያውቃል፣ ተዉት።

ተመራቂው፦ ጋሼ፣ አደይ የሙሽራ ቀጠሮ የለባትም። ክሪሳንተምም የሚለካው ጨለማውን ነው። የሌሊቱ ርዝመት ሳይቋረጥ ከ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ካለፈ ጊዜው ደረሰ ብሎ እንቡጥ ይይዛል። እኛ ያለነው 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰኔም ሆነ ታኅሣሥ ሌሊታችን ከ11 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ችግኙ ሥር እንደሰደደ ማበብ ነው የሚያምረው፤ አምና የሆነውም ይኸው ነው። ሌሊቱን መሀል ላይ በብርሃን ከቆረጥነው ግን የሚያየው ሁለት አጫጭር ሌሊት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማብራት ይበቃል።

ወንዝ ዳር፦ ይህን ማን አረጋገጠው?

ተመራቂው፦ ሃምነርና ቦነር የሚባሉ አሜሪካውያን፣ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ልብስ ላይ በሚጣበቅ አረም። ሌሊቱን በአጭር ብርሃን ሲያቋርጡበት አላበበም። ቀኑን በጨለማ ሲያቋርጡት ግን ግድ አልሰጠውም።

ወንዝ ዳር፦ በአረም ምስክርነት ብድር!

ቁጥር 12፦ ወደ ሥራው እንግባ። የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ እኔ አመጣለሁ፣ እስከ ረቡዕ። አምፑሉ ምን ዓይነት ይሁን?

ተመራቂው፦ ቀይ ኤልኢዲ። ቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን ተቀባይ አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሰው ወደ 660 ናኖሜትር ያለው ቀይ ብርሃን ነው። በትንሽ ዋት ሥራውን ይሠራል።

ቁጥር 7፦ ቀይ መብራት? አስፋልት ዳር? በእኔ ግቢ? እኔ የዳርኳቸውና ያልዳርኳቸው ልጆች አሉኝ። እኩለ ሌሊት ላይ ቤቴ ቀይ ሲያበራ መንደሩ ምን ይላል?

ወንዝ ዳር፦ የጭነት መኪና ሾፌር በር እያንኳኳ ቢራ አለ ወይ ይላል 😂

ቁጥር 3፦ እትዬ፣ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው እኮ የሚበራው።

ቁጥር 7፦ ፕላስቲኩ ብርሃን አያስተላልፍም እንዴ? ሙሉው እንደ ፋኖስ ነው የሚቀላው። ከኬላው ጀምሮ ይታያል።

ጽጌረዳ ብቻ፦ እውነቷን ነው። ያገር ሰው የሚያውቀው ቀይ መብራት አንድ ነው።

ቁጥር 3፦ አንተ ደግሞ ስለዚያ መብራት በደንብ የምታውቅ ትመስላለህ።

ጽጌረዳ ብቻ፦ ምን ለማለት ነው? ባለትዳር ነኝ። እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ካልሆነ ከማኅበሩ እወጣለሁ፣ ድርሻዬ ይሰጠኝ።

ሰብሳቢ፦ ድርሻ የሚባል ነገር እዚህ አይነሳም። ሁለታችሁም ስልክ ተደዋወሉ።

ቁጥር 3፦ ደውዬለታለሁ። ቀልድ ነው፣ ይቅርታ ብያለሁ።

ጽጌረዳ ብቻ፦ ደውሏል። መዋጮውን ግን አሁንም አልከፍልም።

ተመራቂው፦ ቀዩ ከከበደ የድሮው ባለ ክር አምፑልም ይሠራል፤ ብርሃኑ ውስጥ ቀይ ሞልቶታል። ቢጫ ነው የሚመስለው፣ ማንም አይጠረጥርም። ችግሩ ቆጣሪ ይበላል። ነጭ ኤልኢዲም ይሆናል፤ በቂ ቀይ ያለው ሞቅ ያለውን ዓይነት መምረጥ ብቻ ነው።

ቁጥር 7፦ ቢጫም ቢሆን እኩለ ሌሊት የሚበራ ቤት ያስወራል። ሐዘን ያለብን ይመስላል። ሰው ድንኳን ይፈልጋል።

ቁጥር 3፦ ኧረ እትዬ!

ወንዝ ዳር፦ መብራት ሲጠፋስ? በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ።

ተመራቂው፦ ይኼ ነው ትልቁ ጥያቄ። አንድ ሌሊት ችግር የለውም። በተከታታይ ጥቂት ሌሊት ከጠፋ እንቡጥ መጀመሩ አይቀርም፤ ያኔ ግንዱ አጭር ሆኖ ይቀራል። ለጄኔሬተር ነዳጅ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ደግሞ አምፑሉ የሚሰቀለው ብርሃኑ ቅጠሉ ላይ በደንብ እንዲያርፍ ነው፤ ጨለማውን የሚለካው እንቡጥ የሚይዘው የግንዱ ጫፍ ሳይሆን ቅጠሉ ነው። ቻይላኽያን የሚባል የሶቪየት ሰው በ1930ዎቹ በዚሁ በክሪሳንተምም አሳይቶታል። ቅጠሉን ረጅም ሌሊት ሲያሳድርበት፣ ጫፉ ብርሃን ላይ ቢሆንም አበበ። መልእክቱን ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚወስደውን ነገር ፍሎሪጅን አለው።

ሰብሳቢ፦ ደህና። የቁጥር 7ን ስጋት ግን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ ያለ እሷ ፊርማ ብድሩ አይወጣም።

ቁጥር 3፦ በመንገዱ በኩል አጥር ይሠራ፣ ከፍ ያለ። በቃ አይታይም።

ቁጥር 7፦ አጥር ከሆነ እስማማለሁ። ከብትም ይከለክላል።

ጽጌረዳ ብቻ፦ አጥር ከሆነ እኔም እከፍላለሁ። የእኔንም ጎን ይጨምር።

ወንዝ ዳር፦ በወንዙ በኩልስ? ባለፈው ሌባ የገባው በዚያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥር 12፣ ፕሮፎርማው የት ደረሰ? ረቡዕ አልፏል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥር 12?

ቁጥር 3፦ ስልኩ ዝግ ነው። ሰንዳፋ ሄዷል ይባላል።

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ፦ 1ኛ፣ የቆርቆሮ አጥር በሦስት ጎን። 2ኛ፣ የጥበቃ ቤት። 3ኛ፣ የጥበቃ ደመወዝ። 4ኛ፣ ነዳጅ። 5ኛ፣ ልዩ ልዩ (አምፑልን ጨምሮ)። መዋጮ በአባል 9 ሺህ።

ተመራቂው፦ ኅዳር መጀመሪያ ላይ የሚጠፋ መብራት እንዲኖር መጀመሪያ የሚበራ መብራት ያስፈልጋል። ተከላው መስከረም መጨረሻ ነው። አጥሩ እስከዚያ ያልቃል?

ሰብሳቢ፦ በአጥሩ እንጀምር፣ መብራቱ አይጠፋም።

ወንዝ ዳር፦ 😂

ጽጌረዳ ብቻ፦ ቆርቆሮው ባለ ስንት ጌጅ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ 35።

ጽጌረዳ ብቻ፦ 35? እሱ ነፋስ ያጥፈዋል። 32 ካልሆነ አልፈርምም።