የመጨረሻው ምዕራፍ ምሽት፦ ለአዳራሹ የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦
እንዴት ከረማችሁ ማኅበርተኞች። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች አዳራሹን ለመስጠት አንድ ገጽ ሐሳብ ጠይቀውናል። እስከ ዓርብ ካልገባ ወሩ አለፈን። ስለዚህ የመሰላችሁን እዚህ ጣሉ፣ እኔ እሰበስበዋለሁ። መጽሐፉን ያልጨረሳችሁ ግን ከዚህ በታች አታንብቡ፣ ገዳይዋ ትነሳለች።

ለማስታወስ ያህል፦ የእንግሊዝ የባሕር ዳር መንደር ነው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሆኑት ባልቴት ከሐሙስ ሻይ በኋላ ይሞታሉ፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሴትዮ ነገሩን ሲጎረጉሩ ይከርማሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰብስበው የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን የምትጫወተውን ሴት "አንቺ ነሽ" ይሏታል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ ድመት አለች፣ ኬክ አለ። ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያነበው ዓይነት ነው። ጠቡን ያመጡት የመጨረሻዎቹ ገጾች ናቸው።

የእኔ ሐሳብ አንድ ነው። ስለ መጨረሻው "ወደድኩት፣ አልወደድኩትም" ከመባባላችን በፊት ያልጨረሰ ሰው ሁሉ የጠረጠረውን በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይክተት፣ ከነምክንያቱ። ገምቶ ያገኘና ገምቶ የሳተ ሰው ስለ አንድ መጨረሻ የሚያወሩት ለየቅል ነው፣ ደስ የሚለውም ያ ነው። ወረቀት ከሌለ ግን ሁሉም ሰው "እኔ ገና ከመጀመሪያው አውቄያት ነበር" ይልና ወሬው እዚያው ይሞታል።

ሒሳብ ያዥ፦
ጥሩ ነው። ወጪው ስንት ነው?

ጸሐፊዋ፦
ወረቀትና ካርቶን ነው እኮ አንተ።

ሒሳብ ያዥ፦
ቡናስ? ፈንዲሻስ? ስኳርስ? ስኳር ስንት እንደገባ የሰማሽ አልመሰለኝም።

ጋሼ (ሬጅስትራር የነበሩት)፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። የሳሎኑን ስብሰባ ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ አውጫጭኝ ነው። አፈርሳታም ይሉታል። እናንተ አልደረሳችሁበትም፣ እኔም ከአባቴ ነው የሰማሁት። ድሮ በገጠር ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ጉባኤው አይበተንም፣ ሥራ ይፈታል፣ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይተያያል። ጥፋተኛው ካልተገኘም ካሣውን አገሬው ተካፍሎ ይከፍላል። እንግሊዛዊቷ ሴትዮ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፣ የእሳቸው ሶፋ ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ምሽቱን በዚህ መልክ እናድርገው። ወንበሩን በክብ ደርድሩት። አንድ ሰው ዳኛ ይሁን። እያንዳንዱ ተነሥቶ ማንን ለምን እንደጠረጠረ ይናገር። ያልተናገረ ቡና አይጠጣም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በአውጫጭኝ የተገኘ ሰው ወደ ዳኛ ነው የሚሄደው። እኚህ ሴትዮ ግን ገዳይዋን "እስከ ንጋት ጊዜ አለሽ፣ ሄደሽ ራስሽን አስረክቢ" ብለው ወደ ቤቷ ሰደዷት! ዕድሜዬን ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ወረወርኩት። ማን ሾማቸው?

ነርሷ፦
ጋሼ፣ የወረወሩት መጽሐፍ የማኅበሩ ነው እባክዎ።

እኔ ደራሲዋን ልከላከልላት። "እንዴት ልናውቅ እንችል ነበር?" ለምትሉ ፍንጩ ዓይናችን ላይ ነበረ። ባልቴቷ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ አስመልሷቸዋል፣ መብራቱ ዙሪያ ደግሞ ቢጫ ቀለበት ይታየኛል ብለዋል። ሁሉም "እርጅና ነው" ብሎ አለፈው። እኔ ግን እዚያ ጋ ስደርስ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ዲጎክሲን የሚወስድ የልብ ታካሚ ሲመጣ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ያቅለሸልሽሃል? የምታየው ነገር ቢጫ ቢጫ ይልብሃል? መድኃኒቱ ዲጂታሊስ ከሚባል አበባ ወገን የሚወጣ ነው። የሚያድነው መጠንና የሚገድለው መጠን በጣም የተቀራረበ ስለሆነ እንደዚህ እንጠነቀቃለን። አበባው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ስለ እሱ መጽሐፍ ጽፎበታል። ኦርጋን ተጫዋቿን ምዕራፍ 2 ላይ የት ነበር ያገኘናት? ጓንት አጥልቃ፣ እንደ ደወል ቁልቁል የተንጠለጠሉ ሐምራዊ አበቦች ስትከረክም። ለእኔ በቃኝ። ደራሲዋ አላጭበረበረችም።

አቶቴ፦
እኔ ዶክተሩ ነው ብዬ ነበር። አሁንም ዶክተሩ ነው።

መምህሩ፦
ነርሳችን ስለ አበባው ልክ ነሽ፣ ስለ ማጭበርበሩ ግን አልስማማም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ፣ እሱ ራሱ የምርመራ ልቦለድ ይጽፍ የነበረ ሰው፣ 10 ደንቦች አውጥቶ ነበር። ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት ይላል፣ ይሄ ተሟልቷል። እስከዚያ ድረስ የማይታወቅ መርዝ አይፈቀድም ይላል፣ ይሄም ተሟልቷል። ሌላው ግን መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢ ማሳየት አለበት የሚለው ነው። ሴትዮዋ ምዕራፍ 11 ላይ ከኦርጋኑ ወንበር ሥር ደብዳቤ አንሥተው አነበቡ። ምን እንደሚል የተነገረን መቼ ነው? ሳሎን ውስጥ! ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እድሳት የተዋጣው ገንዘብ እንደጠፋና ባልቴቷ ያንን እንደደረሱበት እኛ ከተጠርጣሪዎቹ ጋር እኩል ነው የሰማነው። በዚያው አቆጣጠር በ1930 ለንደን ላይ የተቋቋመው የመርማሪ ልቦለድ ደራሲዎች ክበብ አባላቱን አንባቢን ላለማታለል ያስምል ነበር። በዚያ መሐላ ብንመዝናት ይህቺ ደራሲ ትወድቃለች። እነዚህን ሦስት ደንቦች ግድግዳ ላይ እንለጥፍና ምሽቱ ላይ ድምፅ ይሰጥባቸው እላለሁ።

ምዕራፍ 9 ላይ ያለችው፦
ኧረ በናታችሁ! ስልኬ ላይ ብቅ ሲል "ኦርጋን" የምትለዋን አየኋት!

ጸሐፊዋ፦
ውዴ፣ ኦርጋን እዚያ መንደር ብዙ ሰው ይነካካል። ዝጊውና ንባብሽን ቀጥዪ። ለነገሩ ይህም ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ለንደን ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ የሚታይ አንድ የግድያ ምሥጢር ቲያትር አለ፣ በኮሮና ጊዜ ከመቋረጡ በቀር አላቆመም። ትርኢቱ ሲያልቅ ተመልካቹ መጨረሻውን ውጭ ላለው ሰው እንዳይናገር ይለመናል። እኛም በር ላይ እንለምን። መለመን ካልሠራ 50 ብር ቅጣት።

ሒሳብ ያዥ፦
ቅጣቱን እደግፋለሁ።

ባጃጁ፦
እኔ መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ ነው የጨረስኩት፣ ተሳፋሪ "አንተ፣ አትሄድም እንዴ" እያለኝ። ግን አዳራሽ መለመኑ ምን አስፈለገ? ፍቅር ሐይቅ ዛፍ ሥር እንቀመጥ። ንፋስ አለ፣ አሳ አለ፣ ጥበቃው "ሰዓት አልቋል" አይለንም።

ጸሐፊዋ፦
ንፋሱን ራስህ ጠራኸው። ከሰዓት ከሐይቁ ሲነሣ ግምት የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ አሞራ ገደል ድረስ ነው የሚሄደው። ፈንዲሻውንም ለጦጣ ነው የምናፈነዳው። አዳራሹ ይሁንና የፈለገ ከዚያ በኋላ በየኪሱ አሳውን ይብላ።

ባጃጁ፦
እሺ። ግን አንድ ልመና። የሳተ ሰው እንዲሁ አይለፍ። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ሲያቅተን አገር እንሰጥ አልነበር? ገምቶ የሳተ ላገኘው አገር ይስጥ። ያገኘው ደግሞ በአገሩ ገብቶ ተጋብዞ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ የሳተውን እንደ ወጉ ሰድቦት ይመለስ። ስድቡን እኔ በነፃ አዘጋጃለሁ።

አቶቴ፦
ሀዋሳን አልሰጥም፣ ከወዲሁ ይታወቅ።

እትዬ፦
ልጆቼ፣ እኔ የፈረንጅ ደንብ አላውቅም። መጽሐፉንም የልጄ ልጅ ናት እያነበበች የነገረችኝ። እስከ ሳሎኑ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ሴትዮዋ የሞቱት ሐሙስ። ገዳይዋ የታወቀችው በሳምንቱ ረቡዕ። ቅዳሜ ደግሞ ሬሳ በወጣበት ሳሎን ኬክ ተቆርጦ ሁሉም ይስቃል! ለቅሶ የት አለ? ፍራሽ የት ተነጠፈ? ንፍሮ ማን ቀቀለ? የእህታቸው ልጅ ያንን ትልቅ ቤት ብቻዋን ስትዘጋ ከጎኗ ማን አደረ? ዕድር የሌለው መንደር ነው እንዴ? አርባቸው እንኳ አልወጣም እኮ።

ደግሞ ሌላ አለ፣ እናንተ አንዳችሁም አላነሣችሁትም። ያቺ ገዳይ እናት አለቻት። እግራቸው የማይሄድላቸው፣ መስኮት ሥር የሚውሉ። ማታ ማታ ልጅቷ ሾርባ ይዛላቸው ስትገባ ተጽፏል። ንጋት ላይ ራሷን ስታስረክብ ለእናቷ ምን ብላ ወጣች? ከዚያስ ወዲያ ያንን ሾርባ ማን አደረሰላቸው? አንድ ቃል የለም። ሰዎቹ ኬክ ይበላሉ።

ነርሷ፦
እትዬ...

መምህሩ፦
እትዬ፣ እኔ ደብዳቤውን ስፈልግ እናትዮዋን ጨርሶ ረስቻቸዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ልቦለድ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እንዲመለስ ይፈልጋል፣ አንባቢውም መጽሐፉን ዘግቶ ሳይረበሽ እንዲተኛ። ለዚያ ሲባል የሚረብሽ ሰው ከመጨረሻው ገጽ ይወጣል። እኔ የምጠይቀው ደራሲዋ አውቃ አውጥታቸው ነው ወይስ እሷም ረስታቸው?

ጋሼ (ሬጅስትራር የነበሩት)፦
እትዬ፣ ጥሩ ነገር አነሡ። ምናልባት ያቺ የአንድ ሌሊት ጊዜ ለእናቷ የተሰጠች ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ግን ይጻፍ ነበር። ካልተጻፈ እኔ በቃሌ ነኝ፣ ወንጀለኛን ማስመለጥ ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ አላመለጠችም እኮ፣ ጠዋት ራሷ ሄዳለች።

ጋሼ (ሬጅስትራር የነበሩት)፦
ባትሄድስ ኖሮ?

ጸሐፊዋ፦
ይሄን ለቅዳሜ አቆዩልኝ፣ እዚህ ከጨረሳችሁት አዳራሽ ውስጥ ምን ልናወራ ነው። ረቂቁ ይኸው፣ የማይጥማችሁን ንገሩኝ፦

"የንባብ ማኅበራችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል አዳራሹን እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። ዝግጅቱ በአንድ የምርመራ ልቦለድ መጨረሻ ላይ የሚደረግ ውይይት ነው። መጽሐፉን ያልጨረሱ ተሳታፊዎች እስከ መጨረሻው ምዕራፍ መግቢያ ድረስ አንብበው ይመጣሉ፣ ግምታቸውን ከነምክንያቱ ጽፈው በሳጥን ያስገባሉ። የጨረሱት አይገምቱም፣ የግምቶቹን ምክንያት ይመዝናሉ። ወንበሩ በክብ ይሆናል፣ እንደ አውጫጭኝ ሁሉም በተራው ይናገራል። ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ በአማርኛ እየተተረጎመ ይነበባል። ገምቶ የሳተ ላገኘው አገር ይሰጣል። ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ለውይይት ይቀርባሉ፦ ደራሲዋ ፍንጮቹን በሐቅ አሳይታናለች ወይ? መርማሪዋ ለገዳይዋ ጊዜ የመስጠት መብት ነበራት ወይ? ከመጨረሻው ገጽ ማን ጎደለ? መግቢያ ለሁሉም ክፍት ነው። የቡናው ወጪ በማኅበሩ ይሸፈናል።"

ሒሳብ ያዥ፦
"በማኅበሩ" የሚለው በአባላት መዋጮ ይባል፣ ከየአባሉ 100 ብር። ካዝናው ውስጥ ያለው ለሁለተኛ ቅጂ መግዣ ነው። ጋሼ በወረወሩት ብቻ ሌላ ወር አንገፋም።

መምህሩ፦
ትርጉሙን ማን ያነባል? እኔ ከሆንኩ ደብዳቤው ጋ ስደርስ ድምፄ ይቀየራል፣ እወቁት። ነርሷ ታንብብ።

ነርሷ፦
አነባለሁ፣ ቅዳሜ ተረኛ ካልሆንኩ። ከሆንኩ ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን በሁለት ሰዓት ተኩል አያልቁም። ሰው ሲገምት ብቻ አንድ ሰዓት ይሄዳል። የደንቡን ጥያቄ ወረቀት ላይ እናድርገው፣ ሰው እየወጣ "አሳይታለች፣ አላሳየችም" ብሎ ምልክት ያድርግ።

መምህሩ፦
ልቤን ሰበርሽው፣ ግን ይሁን።

እትዬ፦
የእኔ ጥያቄ መጨረሻ ላይ አይሁን። መጨረሻ ላይ ያለ ጥያቄ ሰው ጫማውን እያሰረ ነው የሚመልሰው። የጋሼን ቀድሞ ይጠየቅ፣ ሰው ገና ልብ ሳለው።

ጋሼ (ሬጅስትራር የነበሩት)፦
አልቃወምም። እትዬ ይቅደሙ።

ጸሐፊዋ፦
ተቀይሯል። የእትዬ አንደኛ፣ የጋሼ ሁለተኛ፣ የመምህሩ በወረቀት። መዋጮውም ገብቷል። ሌላ ያለው እስከ ማታ 3 ሰዓት ይበል፣ ነገ ጠዋት ወስጄ አስገባዋለሁ።

ምዕራፍ 9 ላይ ያለችው፦
አሁን ምዕራፍ 14 ደርሻለሁ። ዶክተሩ ነው አይደል?

አቶቴ፦
እህቴ፣ ቅዳሜ አብረን ነው የምንቀመጠው።